የእንዶድ አረፋና ዶክተር አክሊሉ ለማ

ሐሙስ ከሰዓት በእኛ ቤት የእንዶድ ቀን ነበር። ለጁምዓ የሚለበሰው ነጭ ነጩ ሁሉ ተሰብስቦ ይወጣል። የአባቴ ጀለብያ፣ የእናቴ ነጠላ፣ የአያቴ ጋቢ። አያቴ የደረቀውን የእንዶድ ፍሬ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች፤ እኛ ልጆቹ ዱቄቱ አፍንጫችን ገብቶ እያስነጠሰን እንሸሻለን። ከዚያ ውሃ ታፈስበትና ታሸዋለች፤ ገንዳው ወዲያው በነጭ አረፋ ይሞላል። ሳሙና መርጡለ ማርያም ከገባማ ቆይቷል። አያቴ ግን ሳሙናውን ለልጆች ልብስ ትተወዋለች እንጂ ጋቢና ነጠላ አታስነካውም። በጎጃም ከተሞች የሙስሊሙ መተዳደሪያ ለረጅም ዘመን ንግድና ሽመና ስለነበር፣ የሸማን ጠባይ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን አይጠፋም። ሸማኔዎቹም ሲመክሩ ያው ነበር የሚሉት፤ "በእንዶድ እጠቡት።"

ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ ደግሞ የባዮሎጂ መምህራችን የቢልሃርዚያን የሕይወት ዑደት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳሉልን። ሰው፣ እንቁላል፣ ውሃ፣ ቀንድ አውጣ፣ እንደገና ሰው። ቀስቶቹን ሳይቀር ገልብጠን አጠናናቸው። "ቀንድ አውጣውን እንዴት ማጥፋት ይቻላል?" ለሚለው ጥያቄ ሁላችንም "በኬሚካል" ብለን ጽፈን ሙሉ ነጥብ አገኘን። ከክፍሉ ጀርባ አጥሩ ላይ ተጠምጥሞ የቆመው ተክል እንዶድ ነበር። አንዳችንም አላየነውም። ያንን ተክል ከዚያ ቀስት ጋር ያገናኘው ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት እንደነበር የሰማሁት ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ከዓመታት በኋላ ነው።

ውድ የገጻችን ተከታታዮች፣ እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምታነቡት የዑለማዎችን ታሪክ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ። ስማቸውን የማታውቁ ካላችሁ አትፈሩ፣ እኔም አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ግን ስለ በሽታው ትንሽ እንበል፤ በሽታውን ሳያውቁ ሰውየው የሠሩትን ሥራ መመዘን አይቻልም።

ቢልሃርዚያ ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ በሚገኘው ቀስር አል-ዓይኒ ሆስፒታል አስከሬን ሲመረምር ነው ትሉን ያገኘው። በሽታው ግን ከስሙ እጅግ ይበልጥ ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በቆዩ የግብፅ ሙሚዎች ኩላሊት ውስጥ የዚሁ ትል እንቁላል ታይቷል። ፈርዖኖቹ ካለፉ በኋላም ቢሆን የአባይ ዳር ገበሬ፣ ፈላሑ፣ መስኖ ውስጥ በቆመ ቁጥር ይያዝ ነበር።

ትሉ የሚኖረው በሰው ደም ሥር ውስጥ ነው። አንዱ ዓይነት ፊኛን ይጎዳል፣ ሽንትን ደም ያደርገዋል። ሌላው፣ በአገራችን ይበልጥ የተስፋፋውና በጣና ዙሪያም የሚታወቀው፣ አንጀትንና ጉበትን ነው የሚያጠቃው። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ወጥቶ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈልና አንድ የተለየ የውሃ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባል። እዚያ ውስጥ ሳምንታት ቆይቶ ይራባል። ከአንድ ቀንድ አውጣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጭራ ያላቸው ጥቃቅን እጮች ይወጣሉ። እጩ በሰው አፍ መግባት አያስፈልገውም፤ ውሃው ውስጥ የቆመ እግር ካገኘ ቆዳውን ሰርስሮ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። የሚዋኝ ልጅ፣ ውሃ የምትቀዳ እናት፣ ልብስ የምታጥብ ሴት፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ፤ ሁሉም እኩል ነው። በየመን ደግሞ የውሃ ጥራት አጥኚዎች በሽታው ከሚተላለፍባቸው ቦታዎች መካከል የመስጂድ የውዱእ ገንዳዎችን አግኝተዋል። ውሃው ሳይለወጥ በሚቆይበት ክፍት ገንዳ ውስጥ ቀንድ አውጣው ይራባል፣ ሰው ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ እግሩን ይዞ ይመጣል። ዛሬ በየመስጂዱ የምናየው ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ ቀላል ነገር አይደለም።

የቀንድ አውጣው ድርሻ በግብፅ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለት ሆነ፤ ወይ የታመመውን ሰው ማከም፣ ወይ ቀንድ አውጣውን ገድሎ ዑደቱን መበጠስ። ግብፅ በዋናነት የመጀመሪያውን ያዘች። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሚሊዮኖች አንቲሞኒ ያለበት መድኃኒት በደም ሥራቸው ተወጉ። መርፌው ግን በደንብ ሳይጸዳ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ይዘዋወር ነበር። ውጤቱ ከዓመታት በኋላ ታወቀ፤ ግብፅ በዓለም ላይ ከፍተኛ የሄፓታይተስ ሲ ሥርጭት ካለባቸው አገሮች አንዷ ሆነች። ለአንዱ በሽታ የዘመተ መርፌ ሌላውን ዘርቶ ሄደ። ይህን የማነሳው ግብፆችን ለመውቀስ አይደለም። በጊዜው የነበረው መድኃኒት ያ ነበር። ሁለተኛው መንገድ፣ ቀንድ አውጣውን መግደል፣ ለምን ሰዎችን ያጓጓ እንደነበር እንድታዩት ነው።

እሱም ቢሆን የራሱ ችግር ነበረበት። ቀንድ አውጣ የሚገድሉት ኬሚካሎች የአውሮፓ ፋብሪካ ምርቶች ነበሩ፤ ዋጋቸው በቶን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር። ጅረት ደግሞ አንዴ ተረጭቶ የሚተው ነገር አይደለም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ቀንድ አውጣው ይመለሳል። አፍሪካ ውስጥ ያለ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ይህን ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

አሁን ወደ አድዋ እንሂድ። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1964 ነው። አክሊሉ ለማ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም። አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱ ወጣት ተመራማሪ ናቸው። አድዋ የሄዱት የቢልሃርዚያ ተሸካሚ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች በየትኛው ጅረት እንዳሉ፣ በምን ሁኔታ እንደሚኖሩ ለማጥናት ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ከውሃው ላይ አያነሳም።

ሴቶች ጅረቱ ዳር ልብስ ያጥባሉ። ዶክተር አክሊሉ ከሴቶቹ በታች፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል፣ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። ከሴቶቹ በላይ ያሉት ግን ደህና ናቸው። በምን እንደሚያጥቡ ጠየቁ። "በእንዶድ" አሏቸው። ከዚያ አንዲት ሴት ከእንዶዱ አረፋ ጥቂቱን ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምርላቸው ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው፣ ደምተው ሞቱ።

እስቲ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ያ ጅረት ለዘመናት እንዶድ ሲፈስበት ኖሯል። ሴቶቹ ያጠቡ ነበር፣ ቀንድ አውጣውም ይሞት ነበር። ሐኪሞችም በዚያ አልፈዋል። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ ሁሉም ያውቃል፤ ቀንድ አውጣ በሽታ እንደሚያስተላልፍ ደግሞ ጥቂት የተማሩ ሰዎች ያውቃሉ። ሁለቱ እውቀቶች ግን በአንድ ጭንቅላት ውስጥ አልተገናኙም ነበር። ዶክተር አክሊሉ ሁለቱንም ይዘው ነው እዚያ የቆሙት፤ ጆንስ ሆፕኪንስ የተማሩትንም፣ እንዶድ በሚታጠብበት አገር ያደጉበትንም። እኔ እንደሚመስለኝ ከጥናታቸው ሁሉ ትልቁ ያቺ "በምን ነው የምታጥቡት?" የምትለው ጥያቄ ናት። ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ልብስ አጣቢ ሴት አጠገብ ቁጭ ብሎ ያንን መጠየቅ በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። ዛሬም ቀላል አይደለም።

አንድ ቀን ያዩትን ነገር ይዘው ወረቀት ጽፈው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ወደ አሜሪካ ተመልሰው በአንድ ትልቅ ላቦራቶሪ መቀጠርም እንደዚያው። እሳቸው ግን ምርምሩ በአገር ውስጥ የሚቆምበትን ቤት መሥራት ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ መሥራቹና መሪው እሳቸው ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በዩኒቨርሲቲነት ስም መጠራት ከጀመረ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ኢንስቲትዩቱ በአገራችን የሚገኙ ተላላፊ በሽታዎች በአገር ልጆች የሚጠኑበት ቦታ ሆነ። ከቢልሃርዚያ ሌላ እንደ ሌሽማኒያሲስ ያሉትንም ያዘ። ተማሪው ናሙና ይዞ ወደ ውጭ አገር መላክ ሳይሆን ራሱ ማይክሮስኮፕ ላይ መጎንበስ ጀመረ።

ቀጥሎ የመጣው የአድዋው ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመት የከተማዋ ጅረቶች በተፈጨ እንዶድ ይታከሙ ነበር። ሕዝቡ ከመጀመሪያው በፊትና ከሙከራው በኋላ ተመረመረ። በአጠቃላይ በበሽታው የተያዘው ሰው መጠን ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ። ይበልጥ የሚያስደንቀው የሕፃናቱ ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ነው የወረደው። የሕፃናቱ ቁጥር ለምን ይበልጣል ካላችሁ፣ ትልቁ ሰው ትሉን ቀድሞ ይዞታል፣ ትሉ ደግሞ በሰው ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ሕፃኑ ግን አዲስ ነው፤ ውሃው ንጹህ ከሆነ አይያዝም። ስለዚህ የውሃውን ሁኔታ የሚናገረው የሕፃኑ ሰውነት ነው።

በዚህ ሥራ ላይ አብረዋቸው ከነበሩት ሰዎች አንዱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ። ብዙ ጊዜ የአክሊሉ ስም ብቻ ነው የሚነሳው። እንዶድ ግን ሁሉም አንድ አይደለም፤ አንዱ ቁጥቋጦ ብዙ ፍሬ ይሰጣል፣ ሌላው ጥቂት፤ የአንዱ ፍሬ ኃይለኛ ነው፣ የሌላው ደካማ። ዶክተር ለገሠ ከተለያየ የአገሪቱ ክፍል ዝርያዎችን እየሰበሰቡ፣ እየዘሩ፣ እያወዳደሩ ለዓመታት ደከሙ። ከብዙዎቹ መካከል "ዓይነት 44" ተብሎ የሚጠራው የተመረጠው በዚህ መንገድ ነው። አክሊሉ ጅረቱን አዩ ካልን፣ ለገሠ ማሳውን አዩ ማለት እንችላለን።

የእንዶዱን ውስጠ ምሥጢር በኬሚስትሪ የፈቱት ደግሞ በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሰዎች ናቸው። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን የሚባለው፣ ያንኑ አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ። ለይተው ላወጡት ንጥረ ነገር "ሌማቶክሲን" የሚል ስም ሰጡት፤ "ለማ" ከሚለው ስም። የኬሚስትሪ ተማሪ የሆናችሁ ልብ በሉ፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ አባት ስም የንጥረ ነገር ስም ሆኖ በሳይንስ ጽሑፎች ላይ ይገኛል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ የሚል ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ያንገበግባል።

የአድዋው ውጤት ከታወቀ በኋላ እንዶድ በየአገሩ ይሠራበታል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልሆነም። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ ደህና መሆኑ በታወቁ፣ ደረጃቸውን በጠበቁ ላቦራቶሪዎች እስኪረጋገጥ ድረስ አንቀበልም አሉ። አዲስ አበባ የተሠራው ምርመራ አልበቃም። የሚፈለገው ዓይነት ምርመራ የሚሠራበት ላቦራቶሪ ደግሞ አፍሪካ ውስጥ አልነበረም፤ ወጪውም ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የሚቀመስ አይደለም። ገንዘብ ያላቸው የኬሚካል ፋብሪካዎች በየጓሮው በሚበቅል፣ ማንም ወቅጦ ሊጠቀምበት በሚችል ተክል ላይ ገንዘብ የሚያወጡበት ምክንያት የለም። የደህንነቱ ጥናት በካናዳ ድጋፍ ተሠርቶ ታትሞ የወጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከ1964 ቁጠሩት።

ሚዛናዊ ለመሆን የሌላውንም ወገን ማየት ያስፈልጋል። ሰው በሚጠጣው ውሃ ላይ የሚጨመር ነገር ይመርመር ማለት ስህተት አይደለም። እንዶድም እንከን የለሽ አይደለም። በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ በራሱ የሚበሰብስ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቀንድ አውጣውን በሚገድልበት መጠን ዓሣንም ይገድላል። የቀንድ አውጣውን እንቁላል አያጠፋም፣ ስለዚህ መደጋገም አለበት። ለአንድ ወንዝ የሚበቃ ፍሬ ለመሰብሰብ ደግሞ ብዙ እጅና ብዙ ማሳ ይፈልጋል። እኔ የሚያንገበግበኝ ምርመራ መጠየቁ አይደለም። ለመመርመር የሚጠየቀው ሰውና ለመመርመር አቅም ያለው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ነው። ዶክተር አክሊሉም በኋለኛው ዘመናቸው በየመድረኩ አጥብቀው ይናገሩ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ከአፍሪካ ላቦራቶሪ የወጣ ውጤት ገና ሳይነበብ እንደሚጠረጠር።

እሳቸው በዚህ መሃል ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ ሠሩ። ፍሎረንስ፣ ጣልያን ውስጥ በሚገኘው የዩኒሴፍ ዓለም አቀፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ነበሩ። እንዶድን ግን አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ስዊድን አገር የሚሰጥ፣ ብዙዎች "አማራጩ ኖቤል" የሚሉት ሽልማት ነው።

ከሽልማቱ በኋላ የሆነው ነገር ለብቻው ጽሑፍ የሚወጣው ነው፤ እኔ ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካና በካናዳ መካከል ባሉት ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ከውጭ የገባ፣ ቅርፊቱ እንደ ሜዳ አህያ ዥንጉርጉር የሆነ ትንሽ የውሃ እንስሳ ተራብቶ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ መዝጋት ጀመረ። ዶክተር አክሊሉ በኦሃዮ ግዛት ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱበት ጊዜ ይህን ሰሙ። እንስሳው የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። እንዶድ ቢሞከርስ? ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች ጋር ሞከሩት፣ ሠራ። በ1990ዎቹ በዚህ ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተመዘገበ። ከፈልሳፊዎቹ መካከል የአክሊሉ ስም አለበት፤ የመብቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ሆነ። ለዘመናት እንዶድን ጠብቀው ያቆዩት ኢትዮጵያውያን ከዚህ ምን ያገኛሉ የሚለው ጥያቄ ያኔ በዓለም አቀፍ ደረጃ ብዙ አነጋገረ፤ ስለ ዕፅዋት ሀብት ዘረፋ በሚጻፉ ጽሑፎች ላይ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ነገሩን ትንሽ የሚያሽሙረው፣ የአፍሪካ ሕፃናት በሽታ ለሃያ ዓመት ያላገኘውን ፍጥነት የአሜሪካ ቧንቧ ማግኘቱ ነው።

ቢልሃርዚያስ? አልጠፋም። ዛሬም በዓለም ላይ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው፤ አብዛኛው አፍሪካ ውስጥ። አሁን ዋናው መሣሪያ በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣው ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ነው። በአገራችንም በየትምህርት ቤቱ ይታደላል፤ ከእናንተም የዋጣችሁት አትጠፉም። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ የግብፁን መርፌ ታሪክ አስቀርቶታል። ችግሩ ክኒኑ የዋጠ ልጅ ያንኑ ወንዝ ተመልሶ ሲገባ እንደገና መያዙ ነው። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት ከክኒኑ ጎን ለጎን ቀንድ አውጣውን መቆጣጠርም እንደሚያስፈልግ አሁን መልሶ ይመክራል። የስድሳ ዓመቱ ጥያቄ ዞሮ እዚያው ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ አረፉ። ያቋቋሙት ተቋም ዛሬ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚማሩ ወጣቶች አሉበት፤ ቀንድ አውጣውም፣ ትሉም፣ እንዶዱም አሁን ድረስ ይጠናሉ። ባዮሎጂ፣ ጤና ወይም ኬሚስትሪ የያዛችሁ ልጆች በሩን ብታንኳኩ ለናንተም የሚሆን ሥራ አለ።

ባለፈው ዒድ መርጡለ ማርያም ሄጄ ነበር። የትምህርት ቤቱ አጥር በግንብ ተተክቷል፤ እንዶዱ ተቆርጧል። አያቴ ቤት ጓሮ ያለው ግን አለ፣ ዘንድሮም አፍርቷል። አሁን እጇ ስለደከመ የምትወቅጠው የአክስቴ ልጅ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ናቹራል ሳይንስ። ስለ አድዋው ጅረት ነገርኳትና ሙቀጫውን አቁማ "እስቲ ቀንድ አውጣ ከየት እናምጣ?" አለችኝ።